ለከተማ ፖሊስና ለፈጥኖ ደራሽ ቡድን የሚታጠቀው መሣሪያ በምን መመዘኛ ይመረጥ?

የጅማው ጠበቃ (ጥያቄ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የምሠራ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ስለ ፖሊስ ትጥቅ አመራረጥ የሚመክር የውይይት ጽሑፍ ከባልደረቦቼ ጋር በማዘጋጀት ላይ ነኝ። የሕጉን ክፍል እኔ እጽፋለሁ፤ የመሣሪያውን ክፍል ግን ከእኔ የበለጠ የምታውቁ እንድታርሙኝ እለምናለሁ።

እስካሁን በተገኘሁባቸው ውይይቶች ክርክሩ ዘወትር የሚጀምረው «የትኛው መሣሪያ ይበረታል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ ወገን ማካሮቭ ሽጉጥ ዘመኑ አልፎበታልና 9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት (9 የእርሳሱ ውፍረት፣ 19 የቀለሁ ርዝመት) ወደሚጎርሱ አዳዲስ ሽጉጦች እንሻገር ይላል፤ ሌላው ደግሞ ወንጀለኛው ክላሽ ይዞ ሳለ ፖሊሱን በሽጉጥ ብቻ ማሰማራት እርሱን ለሞት መላክ ስለሆነ ሁሉም ክላሽ ይታጠቅ ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውን አልጠየቁም። ጥይቱ ዒላማውን ቢስት ወይም ዒላማውን በስቶ ቢያልፍ የሚያርፈው የት ነው?

ሐሙስ ቀን ሂርማታ ገበያን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። በበርበሬና በእህል ሻጮች መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማለፍ ይቸገራል፤ ባጃጆች ሰው እየነኩ ያልፋሉ፤ ከመደቦቹ ጀርባ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ በእንጨት ተማግረው በጭቃ የተመረጉ ናቸው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚተኮስ የጠመንጃ ጥይት በግድግዳው ይቆማል ብሎ የሚምል ሰው አላገኘሁም።

ስለዚህ ለመደበኛ የቀንና የሌሊት ጥበቃ ፖሊስ ምን ዓይነት ሽጉጥ፣ ለምን እንደሚሻል፤ ለፈጥኖ ደራሽ ቡድን ደግሞ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደሚገባው፤ እንዲሁም የጅማ አየር በመሣሪያው ላይ ምን እንደሚያደርስ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው ሳጅን

ጠበቃው ወንድሜ፣ ጥያቄውን ከዚያ ወገን መጀመርዎ ደስ አሰኝቶኛል። በሥራ ዘመኔ መሣሪያ ግምጃ ቤት ስለነበርሁ፣ ብዙ ሰው በመጨረሻ ከሚያነሳው፣ ከአየሩ ልጀምር።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናቧ ከክረምቱ አስቀድሞ የሚገባና ዘግይቶ የሚወጣ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አየር ብረት የሚበላሸው ከተተኮሰበት ጊዜ ይልቅ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ የቆዳ ማኅደርን እንውሰድ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ጨውም ብረት ይበላል። በሐምሌ ወር ሽጉጡን ከነማኅደሩ ቆልፈው አስቀምጠው በነሐሴ መጨረሻ ቢያወጡት፣ ቆዳው በነካው በኩል፣ በተለይ ከአፈሙዙ አጠገብና በማነጣጠሪያው ሥር፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያገኛሉ፤ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። በዘይት በተነከረ ጨርቅ ቢወለወል ቀለሙ ይለቃል፣ የተበላው ብረት ግን አይመለስም። ስለዚህ ማኅደሩ ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ እንዳይሆን፣ ማኅደርም ሲገዛ ከፕላስቲክ የተሠራው እንዲመረጥ በመመዘኛው ላይ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው የጥይቱ ጉዳይ ነው። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ የተሠሩ ብዙ የቆዩ ጥይቶች በቀለሁ ግርጌ ላይ ያለው ማቀጣጠያ ሲነድ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል። ይህ ጨው በዘይት አይሟሟም። ወታደር ከተኩስ ሲመለስ ዘይት ቀብቶ ጨረስሁ ቢል ጨዉ ከዘይቱ ሥር ሆኖ እርጥበት እየሳበ ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጻ መወልወል፣ ከዚያ በኋላ በስሱ ዘይት መቀባት። የክላሽ አፈሙዝ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ይህን በደል ብዙ ጊዜ ይችላል፤ የጋዝ ቱቦውና ፒስተኑ ግን ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሲገዛም ጥይቱ ጨው የማይተው ይሁን ተብሎ በጨረታው ሰነድ ይጠየቅ።

ስለ ማካሮቭ የሚባለው ሁሉ ፍትሐዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 አገልግሎት ላይ የዋለ፣ ባዶውን 730 ግራም የሚመዝን፣ ስምንት ጎራሽ፣ ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑና ለመፍታትም ለመግጠምም ቀላል ሽጉጥ ነው። ችግሩ ጥይት የሚይዘው ጥቂት መሆኑና የመጀመሪያው የቃታ ስበት ከባድ፣ ቀጣዩ ቀላል መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ስበት እንዲለምድ ይገደዳል። ከዚህ በቀር «አልጎረሰም፣ ነከሰ» የሚባለው ስሞታ አብዛኛው ከካዝናው ነው፤ የካዝናው ሞላ ሲያረጅ ጥይቱን በጊዜው አይገፋም። ሞላ መለወጥ ሽጉጥ ከመለወጥ ይረክሳል።

ወደ አዲስ ሽጉጥ ከተሻገራችሁም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ግሎክ 17 በ9 በ19 ሚሊ ሜትር 17 ጥይት የሚይዝ፣ አካሉ ከፖሊመር ስለተሠራ ለእኛ አየር የሚስማማ መልካም ሽጉጥ ነው። ነገር ግን ለማጽዳት ሲፈታ ቃታው መሳብ አለበት። ጓዳው ውስጥ፣ ማለትም ጥይቱ ለመተኮስ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ጥይት የቀረ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ይባርቃል። ሽጉጥ ባረቀ ሲባል በብዛት የሚሰማው በግዳጅ ላይ ሳይሆን በማጽጃ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ በየግምጃ ቤቱ በር አፈሙዝ የሚዞርበት፣ በአሸዋ የተሞላ ሣጥን ይቀመጥ፤ ማቀባበልም ጥይት ማውጣትም ወደዚያ ሣጥን ዞሮ ብቻ ይሁን። ይህ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አያስወጣም፤ የግዢ ዝርዝር ውስጥ ግን ተጽፎ አይቼው አላውቅም።

ከአጋሮ መንገድ

ጋሽ ሳጅን የጻፉትን በአክብሮት አነበብሁ፤ ስለ ጥንቃቄው ሁሉ እስማማለሁ። ጠበቃው ያነሱት የሂርማታ ምሳሌም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፖሊስ የሚሠራው ሂርማታ ብቻ አይደለም። ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ሲወጣ በቡና ማሳና በጋራ መካከል ያለው ርቀት በሽጉጥ አይደረስበትም። ሽጉጥ በተለመደ እጅ ከ25 ሜትር በላይ ሲሆን ተስፋው ይመነምናል፤ ክላሽ የያዘ ሰው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ርቀት ላይ ሆኖ ይመታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሽጉጥ ብቻ የያዘ ፖሊስ ሕዝቡንም ራሱንም መጠበቅ አይችልም።

ሩቅ ሳንሄድ የሕንዷን ሙምባይ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 አሥር አጥቂዎች በክላሽና በእጅ ቦምብ ከተማዋን ሲያምሱ፣ መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች ብዙዎቹ ዱላና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተረፈ ጠመንጃ የያዙ ነበሩ። ልዩ የኮማንዶ ኃይል ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ሰዓታት አለፉ፤ በእነዚያ ሰዓታት ያለቀው ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ሁልጊዜም ተራው ፖሊስ ነው። ፈጥኖ ደራሹ ስሙ ፈጥኖ ደራሽ ይባል እንጂ ሁለተኛ ደራሽ ነው።

ሐሳቤ ሁሉም ክላሽ አንግቦ በከተማ ይዙር የሚል አይደለም። በእያንዳንዱ የጥበቃ መኪና ውስጥ በቁልፍ የታሰረ አንድ ወይም ሁለት ጠመንጃ ይኑር፤ ቁልፉ በፈረቃው ኃላፊ እጅ ይሁን፤ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ይመዝገብ። በከተማ እግረኛ ጥበቃ ላይ ያለው ሽጉጥ ይያዝ፤ ነገሩ ሲከፋ ግን ጠመንጃው በአቅራቢያው ይገኝ።

የተኩስ አሠልጣኝ

ክርክሩ መልካም አቅጣጫ ይዟል፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሰውየው ነው። መሣሪያው ምንም ይሁን ምን፣ በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው የሚስተው ከሚመታው ይበልጣል። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የኒው ዮርክን ፖሊስ የተኩስ ሥልጠና መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የተኩስ ልውውጥ በተደረገባቸው ግጥሚያዎች የፖሊሶቹ ጥይት ዒላማውን ያገኘው በአማካይ 18 በመቶ ብቻ ነበር፤ ተጠርጣሪው መልሶ ባልተኮሰባቸው ደግሞ 30 በመቶ። እነዚህ በደንብ የተከፈላቸውና የሠለጠኑ ፖሊሶች ናቸው። ከአምስት ጥይት አራቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል ማለት ነው፤ እኛ ተባራሪ ጥይት የምንለው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ደጃፍ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። ሁለት ፖሊሶች ሰው ገድሎ የሚሄድን አንድ የታጠቀ ሰው ገጥመው 16 ጥይት ተኩሰው ጣሉት፤ ነገር ግን በጥይትና በፍንጣሪ ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ የተነሳው ትልቁ ክርክር መሥሪያ ቤቱ «እንዳይባርቅ» ብሎ የሽጉጦቹን ቃታ እጅግ አክብዶ ማስተካከሉ ላይ ነበር። ቃታው ሲከብድ ያለ ፈቃድ መባረቅ ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም ጣት በኃይል ሲስብ አፈሙዙ ይዛነፋል፣ ጥይቱም ይባዝናል። በመመዘኛ ጽሑፋችሁ የቃታ ክብደት በሁለቱም በኩል ወሰን እንዲኖረው፣ ከዚህ እንዳይቀልል ከዚህም እንዳይከብድ ተብሎ እንዲጻፍ እመክራለሁ።

የጥይት ኃይል ክርክርም ሌሎች አልፈውበት የተመለሱበት መንገድ ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 ማያሚ ላይ ሁለት አባላቱን በተኩስ ካጣ በኋላ «ሽጉጣችን ደክሟል» ብሎ ወደ ከባድ 10 ሚሊ ሜትር ጥይት ሄደ። ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት ለብዙዎቹ ስለበዛ በኋላ ወደ ቀለለው 40 ካሊበር ወረደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የጥይት ሥራ ጥራት ሲሻሻል፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 በ19 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው በ9 ሚሊ ሜትር ፈጥኖና አስተካክሎ ይመታል፤ ካዝናውም ብዙ ይይዛል። ለእኛም መደበኛ ፖሊስ ከማካሮቭ የምንወጣ ከሆነ መድረሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፈጥኖ ደራሹ ልምጣ። ክላሽ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በቀኝ ጎኑ ያለው የተኩስ ዓይነት መምረጫ ከላይኛው የመቆለፊያ ቦታ ወደ ታች ሲገፋ መጀመሪያ የሚያገኘው መሐለኛውን፣ የተከታታይ ተኩስ ቦታ ነው፤ ነጠላ ተኩስ ከሁሉ በታች ነው። ለጦር ሜዳ የታሰበ መሣሪያ ስለሆነ ነው እንዲህ የሆነው። የደነገጠ ፖሊስ አውራ ጣቱን ገፍቶ መሐል ላይ ቢያቆም ሳያስበው በተከታታይ ይተኩሳል፤ ከሦስተኛው ጥይት በኋላ አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ መምረጫውን አንድ ጊዜ እስከ ታች መግፋት እስኪለመድ መሠልጠን ግድ ነው፤ ለፖሊስ ሥራ በነጠላ ብቻ የሚተኩስ ጠመንጃ ማዘዝ የሚቻል ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

በዓለም ላይ ፈጥኖ ደራሾች ለረጅም ጊዜ የ9 ሚሊ ሜትር አጭር መትረየስ ይመርጡ ነበር፤ ኤም ፒ 5 እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 በለንደኑ የኢራን ኤምባሲ ማስለቀቅ ዘመቻ ስሙ ገነነ። በሽጉጥ ጥይት ስለሚተኩስ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ጥይት መከላከያ ልብስ ላይ ግን አቅም ያንሰዋልና ብዙዎቹ ወደ አጭር 5.56 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ዞረዋል። ለእኛ ውሳኔውን የሚያከብደው አቅርቦት ነው። የክላሽ ጥይት በአገር ውስጥ ይመረታል፣ መለዋወጫው በየግምጃ ቤቱ አለ፣ የሚያድሰውም ባለሙያ አለ። ለትንሽ ቡድን ብቻ ሌላ ዓይነት ጥይት ማስገባት፣ በሁለተኛው ዓመት ልምምድ የሚቆምበት ቡድን መፍጠር ሊሆን ይችላል። ልምምድ የሌለው ፈጥኖ ደራሽ ደግሞ ከተራው ፖሊስ የበለጠ ያስፈራኛል።

ኢንስፔክተሯ

አንድ ነገር ተዘልሏል። ሽጉጥ ሲመረጥ የሚሞክሩት ዘወትር ትልልቅ እጅ ያላቸው ወንዶች ናቸው። የብዙዎቻችን ሴት ፖሊሶች ጣት የማካሮቭን የመጀመሪያ ከባድ ስበት ሲስብ መያዣውን ዞረን እንድንጨብጥ ያስገድደናል፤ ያን ጊዜ ጥይቱ ወደ ጎን ይሄድና «ሴት መተኮስ አትችልም» ይባላል። የኋላ መያዣቸው እንደ እጁ ስፋት የሚለወጥ ሽጉጦች ከተመረቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ግሎክም እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጣው አራተኛ ትውልድ ጀምሮ ይህን አብሮ ያቀርባል። በፈተናው ቡድን ውስጥ ሴቶች፣ አዲስ ምልምሎችና ግራኞች ይኑሩ። ውጤታቸውም ለየብቻ ይመዝገብ።

የጅማው ጠበቃ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእኔን ድርሻ እዚሁ አስቀምጣለሁና እናንተም በበኩላችሁ መርምሩት።

እ.ኤ.አ. በ1990 በሐቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት ስለ ኃይልና ጦር መሣሪያ አጠቃቀም የወጡ መሠረታዊ መርሆዎች በሁለተኛው አንቀጽ፣ ፖሊስ ከዱላና ከጥይት መካከል ሌላ አማራጭ እንዲኖረው፣ እንደ ሁኔታው የተለያየ መሣሪያና የራስ መከላከያ ትጥቅ እንዲሰጠው ይጠይቃሉ። አሥራ አንደኛው ያልተገባ ጉዳት ወይም ያልተገባ አደጋ የሚያስከትል መሣሪያና ጥይት እንዲከለከል፣ መሣሪያ የሚወጣበትና የሚመለስበት ሥርዓትም ተጠያቂነት እንዲኖረው ያዛል። አሥራ ዘጠነኛው ደግሞ ልዩ ሥልጠና ያላጠናቀቀ ሰው መሣሪያ እንዳይታጠቅ ይላል። ከእነዚህ በላይ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሂርማታዋ እህል ሻጭ በዚህ ጉዳይ ላይ ባለ መብት ናት።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ ጥይት ለፖሊስ ይፈቀድ ወይ? እ.ኤ.አ. የ1899 የሔግ መግለጫ በጦርነት ላይ እንዲህ ያለው ጥይት እንዳይተኮስ ከልክሏል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ «ጨካኝ ጥይት» ይላል። በሌላ በኩል የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደዚሁ የተሻገረው፣ የቀድሞው ጥይት የተመታውን ሰው በስቶ ሌላ ሰው ስለሚያገኝ ነበር። የጦርነቱ ክልከላ መንገደኛ በሞላበት ከተማ ለሚሠራ ፖሊስ እንዳለ ይሠራል ለማለት እቸገራለሁ፤ ዝንባሌዬ ለሽጉጥ ብቻ፣ በግልጽ ደንብ እንዲፈቀድ ነው። ባለሙያዎቹ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው ሳጅን

ጠበቃው ወንድሜ፣ በዝንባሌዎ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በወረቀት አይወሰን። የውጭ አገር ፈተናዎች የሚደረጉት ለእነርሱ ቤት በሚስማማ በጂፕሰም ግድግዳ፣ በጣውላና በመኪና መስታወት ላይ ነው። የእኛን ግድግዳ ማንም ፈትኖልን አያውቅም።

ስለዚህ በተኩስ ሜዳ ላይ ጥቂት ሰሌዳዎች ይሠሩ። አንዱ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭድና በጭቃ የተመረገ ይሁን፣ በቅጡ የደረቀ፤ ሌላው ያው ሆኖ በክረምት እንደሚሆነው እርጥበት የጠጣ፤ ሦስተኛው ቆርቆሮ፤ አራተኛው ብሎኬት። ከእያንዳንዱ በስተኋላ በሁለት ሜትርና በአምስት ሜትር ርቀት ወፍራም ካርቶን ይቁም። ከዚያ የማካሮቭ ጥይት፣ ተራው 9 በ19፣ የሚሰፋው 9 በ19 እና የክላሽ ጥይት ከአሥር ሜትር ላይ ይተኮስባቸው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይበራል፤ ጉልበቱ ከ9 ሚሊ ሜትሩ አራት እጥፍ ገደማ ስለሆነ የጭቃው ግድግዳ ያቆመዋል ብዬ አልጠብቅም። የሚሰፋውም ቢሆን እንዲሰፋ የሚያደርገው በጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ሳይሰፋ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ስለ ጥይቱ የሚነገረውን ሁሉ ስለሚያፋልስ በተለይ እርሱን ማየት እሻለሁ።

የሚገዛውን የሚወስኑት ሰዎች ከቢሮ ወጥተው በሜዳው ይገኙ። ካርቶኖቹ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በፊታቸው ተቆጥረው፣ ስንተኛው ጥይት ከየትኛው ግድግዳ አልፎ የት እንደደረሰ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ካርቶኖቹም ከጨረታው ሰነድ ጋር ተያይዘው ይቀመጡ።